ሽጉጥ የምታልበው ሚስቴ

ስለ ሚስቱ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ወይ ሞታበታለች ወይ ጥላው ሄዳለች ተብሎ ይጠረጠራል። የእኔዋ ደህና ናት። ይኸው በሚቀጥለው ክፍል የደንብ ልብሷን እየተኮሰች ታንጎራጉራለች፤ የምሠራውን ብታውቅ "ሥራ ፈታህ እንዴ?" ብላ እንደምትስቅብኝ አልጠራጠርም። የምጽፈው ምስጋና ስላለብኝ ነው። ምስጋናዬ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ኢንስፔክተር፣ ለአንድ ሽማግሌ እና፣ አትሳቁብኝ እንጂ፣ ለአንዲት ላም ነው።

ገበያው እባላለሁ። ወረታ ውስጥ በመሐመድዘይን የሩዝ መፈልፈያ ቤት ማሽን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ሩዝ በሚገባበት ወራት ቅንድቤ ሳይቀር በገለባ ብናኝ ነጥቶ ወደ ቤት ስገባ፣ ሚስቴ ይርጋለም ሽጉጧን ታጥቃ ከፖሊስ ጣቢያ ትመጣለች። የሰፈሩ ሰው በዚህ ብዙ ቀልዷል። "ለመሆኑ አባወራው የትኛችሁ ናችሁ?" ይሉኛል። እኔ ቶሎ የሚነድደኝ ሰው ነኝ። መልስ ፍለጋ ስንተባተብ እሷ ቀድማ "እሱ ያበላኛል፣ እኔ እጠብቀዋለሁ፤ ምን ጎደለን?" ብላ ታልፈዋለች።

ይርጋለም ያደገችው ከከተማው ወደ ጣና በኩል በሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ ነው። አባቷ አያ እንግዳው ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በእነሱ መንደር ላም ማለብ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ወተቱን ትንጣለች እንጂ ከላም ሥር አትቀመጥም። ይርጋለም ገና ልጅ ሳለች ግን የአባቷን ጣቶች ቁርጥማት ያዛቸው። አንዴ ከታጠፉ በጄ ብለው የማይዘረጉ ሆኑ። አያ እንግዳው የጎረቤት ወንድ ከመለመን ልጃቸውን ከላሟ ሥር አስቀምጠው፣ ትንሿን እጅ በተጣመመ እጃቸው ይዘው ማለብ አስተማሯት። ሰው ሲያጉረመርም "ላሟ ካልተቆጣች እናንተን ምን አገባችሁ?" አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ተማረች፣ ፖሊስ ሆነች፣ እኔን አገባች። እናቷ እማማ አምሳል ሲያርፉ አያ እንግዳው ቡሬ ከምትባለው ጥቁርና ነጭ ላማቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ወደ ከተማ እንዲገቡ ስንለምናቸው "እዚያ እግሬን ወዴት ልዘርጋ?" ብለው እምቢ አሉ። ምግባቸውን የምታየው ጎረቤታቸው ሸዋዓለም ናት፤ እግዜር ይስጣት። ላሟን የምታልበው ግን ልጃቸው ነበረች። ይርጋለም በየማለዳው እስከ አስፋልቱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ በእግሯ ሄዳ፣ ቡሬን አልባ፣ አባቷን ቁርስ አብልታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ክረምት ሜዳው ውሃ ሲተኛበት ጫማዋን በእጇ ይዛ እየተሻገረች ጭምር።

በጣቢያው ሥራዋ ሴቶችና ሕፃናትን ማስተናገድ ነው። ወንድ ፖሊስ ፊት አፏ የሚተሳሰር ሴት እሷ ዘንድ ስትቀመጥ ትናገራለች። የታሰሩ ሴቶችን ወደ ፍርድ ቤት የምታጅበውም እሷ ናት። ለዚህ ሥራ ሽጉጥ መታጠቅ ግድ ነው። ባለፈው ዓመት ደግሞ አዲስ መመሪያ መጣ፤ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሁሉ የኢላማ ፈተና ይለፍ፣ ያላለፈ ሽጉጥ ወደማያስፈልገው የጥበቃ ሥራ፣ ሩቅ ቆላ ወዳለ ወረዳ ይዛወር ተባለ።

ይርጋለም በግንቦት ተፈተነች፤ ወደቀች። በነሐሴ እንደገና ተፈተነች፤ አሁንም ወደቀች። ከኢላማው ጥቁር ክብ ውስጥ የገባ ጥይት አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ግራ፣ ወደ ታች ተሰብስበው ወረቀቱን በስተጥግ በኩል ወንፊት አድርገውታል። የቀራት የኅዳሩ ፈተና ብቻ ነበር።

"ድንጋጤ ነው" አሉ ባልደረቦቿ። "ሴት አይደለች? ገና ሳይተኮስ ትባንናለች።" እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ይቺ ሴት ሰክሮ ቢላ የመዘዘን ሰውዬ ባዶ እጇን ቀርባ "አምጣው ወንድሜ" ብላ የተቀበለች ናት። እሷ ግን የተናደደችው በሌላ ነበር።

"ገበያው፣ እኔ የተኩሱ ድምፅ አይደለም የሚያስፈራኝ" አለችኝ። "ቆላው ነው። እኔ ከሄድኩ አባቴን ማን ያይልኛል? ስመለስ አገኘዋለሁ ብለህ ነው?"

ተነሥቼ እራት አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

በዚህ መሃል ነው ኢንስፔክተር ማረው የመጣልን። ከደብረ ታቦር ለተኩስ ሥልጠና የተላከ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። የወደቁትን ሁሉ ሰብስቦ ከሀ ጀመረ። እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ክፈቱ፣ ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል በሉ አላቸው። ሽጉጡን በሁለት እጅ፣ መዳፍና እጀታ መሃል ክፍተት ሳይኖር ያዙ። ዐይናችሁ ኢላማው ላይ አይፍጠጥ፤ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ አጥርታችሁ እዩ፣ ኢላማው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ትንፋሻችሁን ግማሽ አውጥታችሁ ያዙ። ምላጩን በጣታችሁ ጫፍ፣ ሳትመነትፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፤ መቼ እንደሚተኩስ እናንተም አትወቁት።

ይርጋለም ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው። ኢንስፔክተሩ ያለ ጥይት መለማመድ ከጥይቱ ይልቅ እንደሚያስተምር ነግሯት ስለነበር፣ ቤት ስትገባ ጥይት መያዣውን ታወጣለች፣ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል ትቆልፍባቸዋለች፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ደጋግማ ታያለች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ትቆማለች። የእኔ ድርሻ ከሥራ ቦታ አንድ እፍኝ ሩዝ ማምጣት ነበር። አንዷን ፍሬ ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ አስቀምጥላታለሁ። ምላጩ ሲሳብ ፍሬዋ ካልወደቀች እጁ አልተነቃነቀም ማለት ነው። ትስባለች፤ ቀጭ ይላል፤ ፍሬዋ ትወድቃለች። ሌላ አስቀምጣለሁ፤ ትወድቃለች። ወለሉን ያየ ዶሮ የምናረባ ይመስለዋል።

ኢንስፔክተሩም አልተኛላትም። በመለማመጃው ሜዳ ላይ ሳታውቀው የማይተኩስ ጥይት ከደህናው ጋር ቀላቅሎ አጎረሰላት። የማይተኩሰው ሲደርስ ድምፅም ግፊትም የለም፤ አፈሙዙ ግን ጎንበስ ሲል ሁሉም አየ። ባልደረቦቿ ተሳሳቁ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም፤ ነገር ግን እሱም "ድንጋጤ ሳይሆን አይቀርም፣ ልጄ" አላት። ጆሮዋን በጥጥ አስደፈናት፤ ለውጥ የለም።

"ኢንስፔክተር፣ ማዪ ካሉኝ በጣራ ገዳም እምላለሁ፣ አልደነገጥኩም" አለችው።

"እንግዲያው ምንድን ነው?" አላት። ወረቀቱን ከኢላማው ነቅሎ ደጋግሞ አገላበጠው።

መስከረም ላይ የአያ እንግዳው የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። ይርጋለም እንግዳ መጥራት ትወዳለችና ኢንስፔክተር ማረውን "ከቤተሰብ ርቀው ከርመዋል፣ ይምጡና ጠበል ጸዲቅ ይቅመሱ" አለችው። ማኅበርተኛው ሳይሰበሰብ ቤቱን ለማሰናዳት በማለዳ ሦስታችንም ተነሣን። ውሃው ገና ከሜዳው ተጠቃሎ አልሸሸም ነበር። ኢንስፔክተሩ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ፣ አንድም ሳያማርር ደረሰ። እኔ ግን በመንገዱ ሁሉ አማረርኩ።

አያ እንግዳው እንግዳቸውን ደጅ ካለው መደብ ላይ አስቀመጡት። ሸዋዓለም ጠላ ቀዳችለት። ይርጋለም ከሁሉ በፊት ወደ ላሟ ሄደች። ጥጃዋን ትንሽ አስጠብታ ከእናቷ የፊት እግር አጠገብ አሰረቻት፤ ከዚያ ቁጢጥ ብላ የወተቱን ጮጮ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ማለብ ጀመረች። ኢንስፔክተር ማረው የከተማ ልጅ ነው፤ ላም ሲታለብ ቀርቦ አይቶ አያውቅም። ዋንጫውን እንደያዘ ለመዝናናት ያህል ሲያያት ቆየ። ከዚያ ዋንጫው ከአፉ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆመ። አንገቱን አሰገገ። ብድግ አለ።

"እጇን እዩት!" ብሎ ጮኸ። "ያ ነው! ያ ነው!"

ቡሬ እንዲህ ያለ ጩኸት ለምዳ አታውቅም። በኋላ እግሯ ጮጮውን መትታ አንከባለለችው። ወተቱ ጭቃው ላይ ፈሰሰ፤ ይርጋለም በቂጧ ተቀመጠች፤ ጠላው ደግሞ የኢንስፔክተሩን ሸሚዝ አጠበው። አያ እንግዳው "ምንድን ነው? እባብ ነው?" እያሉ ዱላቸውን ፈለጉ።

ኢንስፔክተሩ ይቅርታ እንኳን መጠየቅ ረስቶ ይርጋለምን ከወደቀችበት በእጇ ይዞ አነሣት። "ቅድም ያደረግሽውን በአየር ላይ አድርጊው" አላት። አደረገችው። ሌባ ጣቷ ስትታጠፍ መሃል ጣቷ ተከተለች፣ የቀለበት ጣቷ ተከተለች፣ ትንሿ መጨረሻ ላይ ጥብቅ አለች። ወተት ከላይ ወደ ታች የሚገፋው እንደዚህ ነው። "አየሽ? ምላጩን ስትስቢም የምታደርጊው ይህንኑ ነው። አንዷ ጣት ስትንቀሳቀስ ሌሎቹ ዝም ማለት አይችሉም። ታችኞቹ ሲጨብጡ አፈሙዙ ወደ ታችና ወደ ግራ ይጎተታል። ልጄ፣ አንቺ አልደነገጥሽም። ሽጉጡን እያለብሽው ነው!"

ሸዋዓለም በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅሁ። ይርጋለም እጇን ገልበጥ አድርጋ ስታየው ቆየችና እንባዋ መጣ። "ፈሪ አይደለሁማ" አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ኢንስፔክተር ማረው "ፈሪ ያልኩሽ እኔም ነኝ፤ ይቅር በይኝ" አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሰው እወደዋለሁ። አለቃ ሆኖ፣ በሰው ደጅ፣ ሸሚዙ ጠላ እየተንጠባጠበ፣ ይቅር በይኝ የሚል ስንት አለ?

አያ እንግዳው ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ደጋግመው ጠየቁ። ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"እንዲህ ከሆነማ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "እጇን በእጄ ይዤ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።"

ማኅበርተኛው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ከተበተነ በኋላ ልጃቸውን ጠሯት። ኢንስፔክተሩ ይዛው የመጣችው ሽጉጥ ባዶ መሆኑን አየ፤ እሷም አየች፤ አፈሙዙን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዞረች። አያ እንግዳው ከኋላዋ መጥተው፣ እነዚያን ታጥፈው የማይዘረጉ ጣቶቻቸውን በሦስቱ ጣቶቿ ላይ ጠመጠሙ። ወተት ማለብ የከለከላቸው ቁርጥማት እንደ ጉጠት አድርጎ ያዘላት።

"እነዚህን እኔ ይዤልሻለሁ" አሏት። "አንቺ አንዷን ብቻ።"

ሳበች። ቀጭ አለ። አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሳበች፤ ኢንስፔክተሩ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አያ እንግዳው እጇን ሳይለቁ አንድ ቃል ጨመሩ፦ "እስከ ፈተናው ከላሟ ሥር እንዳላይሽ። እጅሽ ይርሳው።"

"ታዲያ ቡሬን ማን ያልባት?" አለች።

"ገበያው ምን ሠራ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ማሽን የማንቀሳቅስ ሰው ነኝ። "የሸዋዓለም ልጆች አጠገብዎ አይደሉም እንዴ? ጎበዝ አላቢዎች ናቸው" አልኩ።

"ቡሬ ባዕድ እጅ አትወድም።"

"እኔስ ባዕድ አይደለሁም?"

"አንተ አማች ነህ" ብለው ዘጉኝ።

እንግዲህ የእኔን መከራ ተመልከቱ። በየማለዳው ከሚስቴ ጋር እየተነሣሁ ወደ ሜዳው መውረድ ሆነ። መጀመሪያ ላይ የቡሬን ጡት ስይዝ ዞራ አየችኝ፤ ምን ዓይነት ጅል ነው በሚል ዐይን ነበር። ረገጠችኝ፣ በጭራዋ በጥፊ መታችኝ፣ ወተቷን ወደ ላይ ያዘችብኝ። እኔም ተሳደብኩ። መሐመድዘይን ሥራ ቦታ ሳነክስ አይቶ "ሚስትህ መታችህ?" አለኝ። ላሟ ናት ብለው አላመነኝም።

ይርጋለም ደግሞ የምትሠራው ሥራ ሳይኖራት ትመጣ ነበር። አባትና ልጅ ከመደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ባዶውን ሽጉጥ ይለማመዳሉ። መጀመሪያ እሳቸው ይይዙላታል፤ ከዚያ በስሱ ይነኳታል፤ ኋላ እጃቸውን አንሥተው በዐይናቸው ብቻ ይጠብቋታል። የሩዟ ፍሬ አፈሙዙ ላይ መቆየት ጀመረች። ሲደክማቸው ያወራሉ። ድሮ ስትመጣ ከላሟ ሥር ተቀምጣ፣ በጥድፊያ አልባ፣ ሰዓት ደረሰብኝ ብላ ትሮጥ ነበር። አሁን ጊዜ ተረፋት። የአባቷን እግር ታጥባለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች፣ ስለ እናቷ የወጣትነት ዘመን ታስወራቸዋለች። እኔ ከላሟ ሆድ በታች ሆኜ ሳቃቸውን እሰማለሁ። ለእኔ ማንም አያዝንም ብዬ እናደድ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እንደዚያ ያለ ጠዋት ዳግመኛ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ባዕድ እጅ አትወድም የተባለችው ላምም ብዙ ሳትቆይ እያመነዠከች ዝም ብላ ትታለብልኝ ጀመር። ገርሞኝ ነበር፤ ግን ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

የኅዳሩ ፈተና ቀን ሥራ በዝቷል። የሩዝ ጆንያ እስከ ደጅ ተከምሯል። እኔ ግን ሩዙን ለገለባው፣ ገለባውን ለሩዙ እያደረግሁ መሐመድዘይንን አስመረርኩት። "አንተ ዛሬ እዚህ የለህም" አለኝ። "ሂድ። ማሽኑን እኔ አየዋለሁ። አላህ ያሳካላት።" አመስግኜው ገለባዬን እንኳን ሳላራግፍ ሮጥኩ።

መተኮሻው ከከተማው ወጣ ብሎ ከኮረብታው ሥር ነው። ከሩቅ ቆሜ አየሁ። ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ተኩሰው ጨረሱ፤ የይርጋለም ብቻ እያረፈ ይሰማል። አንዱ "እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ?" ሲል ሰማሁት፤ ሌላ ቀን ቢሆን እጣላው ነበር። ኢንስፔክተር ማረው ወረቀቱን አያይም፤ እጇን ነው የሚያየው። የመጨረሻው ተኩስ ሲሰማ ቀና ብሎ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ።

ወረቀቱን ሲያመጡት አንድ ሁለቱ ወደ ዳር ሸሽተዋል። የቀሩት ሁሉ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ነበሩ። አለፈች። ወረታ ትቀራለች ማለት ነው። ይርጋለም ኢንስፔክተሩን ሰላምታ ሰጠችው፤ ከዚያ የደንቡ ነገር ጠፋባትና ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል በትከሻዋ ይዞ አቆማት። "ተይ፣ ተይ። እኔ በሽታውን ነው ያየሁት፤ ያዳነሽ ሌላ ነው" አላት። እኔ ደግሞ በገለባ እንደነጣሁ አቅፌ የደንብ ልብሷን አበላሸሁት።

በማግስቱ ወረቀቱን ጠቅልላ ይዛ ወደ አባቷ ወረድን። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ተገልጧል፤ ጓያ የሚዘሩ ሰዎች ከሩቅ "እንኳን ደስ ያለሽ!" እያሉ ጠሯት። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አያ እንግዳው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቀዳዳዎቹን በተጣመመ ጣታቸው ዳበሱ። "ተመስገን" አሉ። "ተመስገን ጌታዬ።"

ይርጋለም የወተቱን ጮጮ ከእጄ ነጠቀች። "ገበያው፣ ምሕረት ወርዶልሃል። ከዛሬ ጀምሮ እኔው አልባታለሁ" አለች።

"ተይው" አሉ አባቷ። "ቡሬን ለሸዋዓለም ስጧት። ልጆች አሏት፤ ወተቱ ለእነሱ ይሁን።"

ሁለታችንም ደነገጥን። "ባዕድ እጅ አትወድም ብለውኝ አልነበር?" አልኳቸው፤ ያበጠው ጉልበቴ ትዝ ብሎኝ።

"ዋሸሁህ" አሉኝ፤ ሳያፍሩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ላሟን ለሸዋዓለም ልሰጣት አስብ ነበር። እኔ ወተት ምን ያደርግልኛል? ላሟ ከሄደች ግን ልጄ በየማለዳው ለምን ትመጣለች ብዬ ፈራሁ። ሥራ አለባት፣ ባል አላት፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ስለዚህ ላሟን ያዝኳት። ያን ቀን ከላሟ ሥር እንዳላይሽ ስልሽ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገ አትመጣም ብዬ ነበር።" ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉ። "መጣሽ። ከዚያም መጣሽ። አንድም ቀን አልቀረሽ።"

ይርጋለም ጮጮውን መሬት አስቀምጣ ከጎናቸው ተቀመጠች። የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ "አባዬ፣ እኔ መቼ ለወተት መጥቼ አውቃለሁ?" አለች። እኔም ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቼ ቡሬንና ጥጃዋን ፈትቼ ወደ ሸዋዓለም ደጅ ነዳኋቸው። ሸዋዓለም እልልታዋን ለቀቀችው።

በማግስቱ፣ የሚታለብ ላም ሳይኖር፣ ይርጋለም እንደ ወትሮዋ በማለዳ ተነሥታ ባጃጅ ጠራች። እኔም ማንም ሳያዘኝ ጫማዬን አደረግሁ።